የሰኞ ቀሪዎች፦ በምሥራቅ ጎጃም የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ውጤት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና አልፎ 9ኛ የገባ ተማሪ፣ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመዝነው የለም። አራት ዓመት ሙሉ የት እንዳለ የሚናገረው የመምህራኑ ማርክ ሊስት ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ጥያቄው የሚወርደው 12ኛ ክፍል በሚያስተምሩት ላይ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ግን ብዙው ጉዳት የሚደርሰው 9ኛ ክፍል ውስጥ፣ ያውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነበር። ማስረጃውም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበረ፤ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ተቀምጦ እርስ በርሱ ሳይገናኝ።

ማስረጃውን የማገናኘቱ ሥራ የተሠራው የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ በኋላ፣ በክልሉ ትምህርት በግጭት ከመታወኩ በፊት ባለው ጊዜ ነው። የትምህርት ቤቱ፣ የሰዎቹና የቀበሌዎቹ ስም አልተጻፈም። ውጤቶቹም ትምህርት ቤቱን እንዳያስለዩ በቁጥር አልወጡም። ከዚህ በታች ባሉት ስሌቶች የገቡት ቁጥሮች ለማስረዳት የቀረቡ ምሳሌዎች ናቸው።

ከተማዋና ተማሪዎቹ

ትምህርት ቤቱ በጮቄ ተራራ ግርጌና በዓባይ በረሃ መካከል፣ ወይና ደጋ ላይ በቆመች የወረዳ ከተማ ይገኛል። ከላይ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ደጋ፣ ከታች ማሽላ ከሚዘራበት ቆላ፣ ልጆች 8ኛ ክፍልን በየቀበሌያቸው ጨርሰው ወደዚህ ይመጣሉ።

በአኗኗራቸው አራት ዓይነት ናቸው። ወላጆቻቸው ከተማ የሚኖሩ አሉ። ከቅርብ ቀበሌ በየቀኑ በእግር የሚመላለሱ አሉ። ቤት ተከራይተው የሚኖሩ አሉ። አክስት ወይም አጎት፣ አንዳንዴም የሩቅ ዘመድ ቤት የተጠጉ አሉ።

የተከራዮቹን ኑሮ ያላየ ሰው ማርክ ሊስታቸውን ማንበብ አይችልም። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ቤት ይከራያሉ። ከበሩ ጀርባ ቢጫ ጀሪካን፣ ጥግ ላይ የዱቄት ጆንያ፣ መደቡ ላይ ሰሌን፣ ግድግዳው ላይ በፌስታል ተንጠልጥለው ደብተሮች። አምፖሉ አንድ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአከራይዋ ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ ስትተኛ የልጆቹም ጥናት ያበቃል። ምግባቸው ከቤት የሚመጣ ስንቅ ነው፦ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ከእናት ቤት የተጋገረ እንጀራ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ቢቆይ ነው። ሐሙስና ዓርብ ቆሎና በሶ እየተበላ ያልፋል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ልጁ ባዶ ጆንያውን ይዞ ወደ ቤቱ ይወርዳል ወይም ይወጣል።

ችግሩ እና የመጀመሪያው የተሳሳተ ምርመራ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) ሲወጣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ከ50 በታች የሆነው የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጅግ ብዙ ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሁለት ማብራሪያዎች ተሰጡ፤ አንደኛው የገጠር ልጅ መሠረቱ ደካማ ነው የሚል፣ ሁለተኛው ሴቶቹ በሒሳብ ይፈራሉ የሚል። ሁለቱንም በመረጃ ለማረጋገጥ ተሞከረ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የምዝገባ ቅጾቹን አስወጥተው ተማሪዎቹን በ«አድራሻ» ሳጥን መሠረት ከተማና ገጠር ብለው ከፈሏቸው። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ችግሩ የሁሉም ነው ተባለና ለሁሉም የቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት ተጀመረ።

ስህተቱ ያለው «አድራሻ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ነበር። ተማሪው ሲመዘገብ የሚሞላው አሁን የሚያድርበትን ቀበሌ ነው። የተከራየውም፣ ዘመድ ቤት የተጠጋውም ከተማ ተብሎ ይቆጠራል። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት በስሌት እንየው። ከተማ የተባሉ 40 ተማሪዎች አማካያቸው 54 ነው እንበል። ከእነዚህ 15ቱ ወላጆቻቸው ከተማ ያሉ፣ አማካያቸው 66፤ 25ቱ ተከራይና ተጠጊ፣ አማካያቸው 47 ቢሆን፣ ተደምሮ ሲካፈል ያው 54 ይመጣል። የ19 ነጥብ ክፍተት በአንድ ቃል ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። የገጠሮቹ አማካይ 51 ቢሆን ደግሞ «ከተማና ገጠር ይህን ያህል አይለያዩም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እዚህም የተደመደመው እንዲሁ ነበር።

የቅዳሜው ማጠናከሪያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ቅዳሜ የሚገኙት የከተማዎቹ ልጆች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው ስንቅ ሊያመጡ መንገድ ላይ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምህራኑ ራሳቸው ተስፋ ቆረጡና ቀረ። በዚህ መምህራኑን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የተሰጣቸው መረጃ ነው የተሳሳተው።

ሦስቱን ወረቀቶች ማገናኘት

የምዝገባ ቅጹ ሪከርድ ክፍል፣ ስም መጥሪያው በክፍል ኃላፊው እጅ፣ ዝርዝር ማርክ ሊስቱ በየትምህርቱ መምህር እጅ ነበር። ወደ ሮስተር የሚተላለፈው ድምሩ ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪው የትኛውን ፈተና፣ በየትኛው ቀን እንዳጣ ማንም አያውቅም።

ሥራው በአንድ ሴክሽን ሙከራ ተጀመረ። መጀመሪያ የገጠመው ችግር የስም ነው። በአንድ ሴክሽን ውስጥ የራስና የአባት ስማቸው አንድ የሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ የከፋው የፊደል ነገር ነው። አንዱ መምህር «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብለው ይጽፋሉ፤ ለሰው አንድ ሰው ነው፣ ለኤክሴል ግን ሦስት ሰው ነው። «ዓለም» እና «አለም»ም እንዲሁ። ስለዚህ በስም ማገናኘቱ ተትቶ በተማሪው መለያ ቁጥር ሆነ። መለያ ቁጥሩ በመምህራን ማርክ ሊስት ላይ ስላልነበረ በእጅ ተጻፈ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ይህ ሳይደረግ የሚቀጥለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የክፍል ኃላፊዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጁ። ጥያቄዎቹ ሰባት ነበሩ፦

1. አባትና እናት የሚኖሩበት ቀበሌ
2. ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያድሩበት፦ ወላጅ ቤት፣ ኪራይ ወይም ዘመድ ቤት
3. ከወላጅ ቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ሰዓት፤ በመስከረም የሚሞላ ወንዝ በመንገዱ ላይ አለ ወይ
4. ስንቅ በስንት ቀን ይመጣል፣ የሚያመጣው ማን ነው
5. 8ኛ ክፍል የጨረሱበት ትምህርት ቤት
6. 1ኛ ክፍል የገቡበት ዓመት፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በመሐል የት ቆዩ
7. ከትምህርት መልስ እስከ መኝታ የሚሠሩት ሥራ

በኪሎ ሜትር መጠየቁ የማይረባ ነው፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር የሚያውቅ ልጅ የለም፤ በሰዓት ግን ሁሉም ያውቃል። የቤተሰብ ገቢ ተጠይቆ ተሰረዘ። ለምን ቢባል፣ እርዳታ ሊመጣ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሁሉም «ዝቅተኛ» ይላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የመለሰው ጥያቄ ደግሞ ማንንም ከማንም አይለይም። ዕድሜም እንዲሁ ተሰረዘ። በምዝገባ ቅጽ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ 1ኛ ክፍል ሲገባ በግምት የተጻፈ፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ እየተጨመረበት የመጣ ነው። 6ኛው ጥያቄ ከዕድሜ ይልቅ ጠቃሚውን ነገር አወጣ፤ ዘግይቶ የገባው ልጅ የዘገየበትን ምክንያት።

ከስም መጥሪያው ጠቅላላ የቀሪ ቀን ብቻ ቢወሰድ ኖሮ ነገሩ አይታይም ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቀሪው በሳምንቱ ቀን ተከፋፍሎ በአምስት ዓምድ ተጻፈ። ከመምህራን ማርክ ሊስት ደግሞ እያንዳንዱ ፈተና የተሰጠበት ቀን ተጨመረ።

ምን ተገኘ

የተከራዮቹ ቀሪ ሰኞ ላይ ተከምሯል። ቀሪም ባይሆኑ ሰኞ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር የሚደርሱት። አራትና አምስት ሰዓት ከሚያስኬድ ቆላ ቀበሌ የሚመጣ ልጅ እሑድን ከቤቱ ውሎ ሰኞ ሌሊት ይነሣል፤ ዱቄቱን ተሸክሞ አቀበቱን ወጥቶ፣ ጆንያውን ኪራይ ቤት አስቀምጦ፣ እግሩን ታጥቦ ይገባል። የትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ደግሞ «አእምሮ ትኩስ ሲሆን» በሚል በብዙ ሴክሽኖች ሰኞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ሰጥቷል። መምህራኑም አጫጭር ፈተናዎችን ሰኞ መስጠት ይወዱ ነበር፤ ተማሪው ቅዳሜና እሑድ ያጠናል በሚል።

የአንዲት ተማሪ መስመር ነገሩን ሁሉ ይናገራል። ከቆላ ቀበሌ የመጣች፣ ከሁለት ልጆች ጋር የተከራየች ናት። በባዮሎጂና በጂኦግራፊ ከክፍሉ የተሻለች ሆና በሒሳብ ከመጨረሻዎቹ ናት። የሒሳብ መምህሩ ዝርዝር ሲገለጥ ከፈተናዎቿ ገሚሶቹ ባዶ ናቸው፤ ባዶዎቹ ሁሉ የሰኞ ናቸው፤ ሲደመር ባዶው ዜሮ ተብሎ ገብቷል። ከ10 የሚታሰቡ አራት ፈተናዎች ኖረው አንድ ተማሪ በሁለቱ 7 እና 6 ቢያመጣ፣ ሁለቱን ቢቀር፣ ከ40 ያገኘው 13 ይሆናል፤ 32.5 በመቶ። በተፈተነባቸው ብቻ ቢሰላ ግን 65 በመቶ ነው። የዚህች ልጅ የሒሳብ ውጤት የለካው የመንገዱን ርዝመት ነበር። እሷ ግን ሒሳብ እንደማይገባት አምና ነበር፤ ከዜሮው ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ማንም ያልጠበቀው ነው። ዘመድ ቤት የተጠጉት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሰኞም ማክሰኞም አይቀሩም፤ ውጤታቸው ግን ከተከራዮቹም ዝቅ ያለ ነበር። 7ኛው ጥያቄ ምክንያቱን አሳየ፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ሕፃን ማዘል፣ አንዳንዷም የዘመዷን ጠላ ቤት ማገዝ። ወላጅ ልጄ ከዘመድ ዘንድ ናት ብሎ ተረጋግቷል፤ ትምህርት ቤቱም ከተማ ናት ብሎ ቆጥሯታል። «ሴቶች በሒሳብ ይፈራሉ» የተባለውም አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነበር። ወላጆቻቸው ከተማ ያሉ ሴቶች በሒሳብ ከወንዶቹ አያንሱም ነበር።

ሦስተኛው፣ የመጡበት 8ኛ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ ውጤት ላይ ከአኗኗር ይልቅ የሚለየው ይህ ሆነ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጉዳቱ ወደ ሌላውም ይሻገራል። የሒሳብ መምህራኑ የተሳሳቱ የፈተና ወረቀቶችን ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ልጆች ስሌቱን ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ሲነገራቸው ይሠሩታል፤ ያልገባቸው የትእዛዙ ቃል ነው። «ሲምፕሊፋይ» (አቃልል) እና «ሶልቭ» (ፍታ) የሚሉትን አይለዩም፤ «ፋክተራይዝ» (በአባዢዎቹ ለያይ) ሲባል ያባዛሉ።

ዘግይተው ትምህርት ስለጀመሩት አንድ ነገር መባል አለበት። በአብነት ትምህርት ቤት ዓመታት ያሳለፉ ልጆች በዕድሜ ከክፍሉ የገፉ ቢሆኑም ውጤታቸው ጥሩ ነበር፤ ቃል ይዞ የማጥናት ልማድ አላቸው። ከብት ሲጠብቁ የዘገዩት ግን ድጋፍ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱን «ዕድሜያቸው የገፋ» ብሎ አንድ ላይ መደመር ልክ አልነበረም።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ የተለወጠው የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ነው፤ ገንዘብ አይፈልግም። በ9ኛ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ ከሰኞ የመጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜያትና ከዓርብ የመጨረሻው ወጡ። በምትካቸው አማርኛና የሰውነት ማጎልመሻ ገቡ። የእነዚህ መምህራን «የእኛ ትምህርት ትምህርት አይደለም ወይ?» ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው ትክክል ነበር። ሰኞ ጠዋት አዲስ ርዕስ እንዳይጀመር፣ ንባብና ልምምድ እንዲሆንበት ተስማምተው ተቀበሉ።

ፈተና ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ እንዲሰጥ፣ በበዓል ማግስት እንዳይሰጥ ተወሰነ። ቀሪ ለሆነ ተማሪ ማርክ ሊስቱ ላይ ዜሮ ከመጻፍ በፊት «ቀ» ተጽፎ በአምስት የትምህርት ቀን ውስጥ የመፈተኛ ዕድል ይሰጣል። ዜሮ የሚገባው ያም ሲያልፍ ነው።

የስንቁን ጉዳይ የፈቱት ወላጆች ናቸው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ እሑድ ይጠራ ነበር፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰንበቴ አለ፤ የሩቅ ሰው አይመጣም። በቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ከገበያው አጠገብ ሲጠራ ግቢው ሞላ። የሰኞው ነገር ሲነገራቸው አንድ አባት «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አህያ ጭኜ እዚህ እመጣለሁ፤ ልጁ ለምን ይወርዳል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ስንቁን በገበያ ቀን ራሱ ማምጣት ጀመረ። ልጁ በየሳምንቱ መሄዱ ቀርቶ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ሆነ፤ በሄደበትም ሳምንት እሑድ ከሰዓት እንዲመለስ ከወላጁ ጋር ተስማማ።

ለእንግሊዝኛው እያንዳንዱ መምህር ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት አሥር ቃል ከአማርኛ ፍቺው ጋር በፍሊፕ ቻርት ጽፎ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ ተደረገ፤ ከአሥሩ ቢያንስ ሦስቱ የትእዛዝ ቃላት እንዲሆኑ። ፈተና ላይ የሚወጣው ትእዛዝ ከእነዚያ ውጭ እንዳይሆን መምህራኑ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

ዘመድ ቤት ላሉት ሴቶች ከትምህርት መልስ ወዲያው፣ ወደ ቤት ሳይገቡ፣ በቤተ መጻሕፍት የአንድ ሰዓት ጥናት ተመደበ፤ በሴቶች ጉዳይ ተጠሪ መምህርት ኃላፊነት። አንዴ ቤት ከገቡ አይወጡም።

የሠራውና ያልሠራው

የድልድሉና የፈተናው ለውጥ ወዲያው ሠራ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሒሳብ ማርክ ሊስት ላይ ባዶ ቦታ ብርቅ ሆነ፤ የተከራዮቹ ውጤትም ከፍ አለ። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመሐል ያቋረጡ ተማሪዎች ከሮስተር ሲወጡ አማካይ በራሱ ያድጋል። 50 ተማሪዎች አማካያቸው 52 ቢሆንና አማካያቸው 34 የሆነ 8 ልጆች ቢያቋርጡ፣ የቀሩት 42 አማካይ 55.4 ይሆናል፤ ማንም ምንም ሳይማር። ስለዚህ ንጽጽሩ በሁለቱም መንፈቀ ዓመት በነበሩት ተማሪዎች ብቻ ተሰላ። መሻሻሉ ጠበበ፤ ግን አልጠፋም።

የገበያው መንገድ ለሁሉም አልሆነም። ከዓባይ ዳር ያሉት ቀበሌዎች ሰዎች የሚገበዩት በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን ነው። ለእነሱ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል የወር ስንቅ ማከማቸት ተሞከረ፤ ዱቄቱን አይጥ ገባበት፣ የማን ጆንያ ጎደለ የሚል ክርክር ተነሣ፣ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ቀረ። የሚሻለው የእነዚህን ልጆች የሰኞ መዘግየት አስቀድሞ አውቆ ማክሰኞ ደብተር የሚያጋራቸው ጓደኛ መመደብ ሆኖ ተገኘ።

የጥናት ጓደኛ አመዳደቡም አንዴ ከሸፈ። በቀደመው የ1ለ5 አደረጃጀት መሪው በደረጃ ተመርጦ አባላቱ ከየሰፈሩ ተደለደሉ፤ ማታ የሚገናኙበት መንገድ አልነበራቸውም። በአንድ ግቢ ወይም በጎረቤት ኪራይ ያሉትን ማቧደን ግን ሠራ፤ መብራቱን እንኳ ከአከራይዋ ጋር ተነጋግረው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አስቆዩት።

ኅዳርና ታኅሣሥ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ነው። በዚህ ጊዜ የሚመላለሱት ልጆች ይቀራሉ፤ ለዚህ የተገኘ መፍትሔ የለም። ከሁሉም የከበደው ደግሞ ጥር ነው። የሠርግ ወር ነው፤ የመንፈቀ ዓመት እረፍትም በዚያው ሰሞን ይውላል። ከእረፍት ያልተመለሰች ልጅ በሮስተር ላይ «አቋራጭ» ተብላ ትታለፋለች፤ ለምን እንደቀረች የሚጽፍ ቦታ የለም። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው፤ ግን ትምህርት ቤቱ ወሬውን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሴቶች ክበብ አባላት ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ የሰሙትን ለተጠሪ መምህርቷ እንዲነግሩ ተደረገ። ጥቂት ሴቶች ተርፈዋል፤ ብዙዎቹ አልተረፉም።

ለሌላ ትምህርት ቤት

በሌላ ወረዳ ሰኞ ላይሆን ይችላል፤ የገበያው ቀን፣ የመስኖው ተራ ወይም የታቦቱ ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚወሰደው አሠራሩ ነው። ቀሪን በሳምንቱ ቀን መቁጠር፤ ፈተና የተሰጠበትን ቀን ማርክ ሊስት ላይ መጻፍ፤ «ከተማ» የሚለውን ቃል ሳይፈትሹ አለማመን። መለያ ቁጥር በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በሁሉም ማርክ ሊስት ላይ ይታተም፤ ጥር ላይ በእጅ መጻፍ የሳምንታት ሥራ ነው። ከአሥር ያነሱ ተማሪዎች ያሉበትን ቡድን በአማካይ አታወዳድሩ፤ አንድ ልጅ ሲታመም አማካዩ ይወድቃል። የዘመድ ቤት ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ አይመለስም፤ ልጅቷ አክስቷን ማሳጣት አትፈልግም፤ ስለዚህ በመምህርት፣ ለብቻ ይጠየቅ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ወደ ክፍል የሚመለሱት ልጆችም አንድና ሁለት ዓመት ከደብተር ርቀው ነው የሚመጡት። መጠይቁን አሁን የሚጠቀም ትምህርት ቤት 6ኛውን ጥያቄ ለሁለት ይክፈለው፦ መጨረሻ የተማሩት ክፍልና ዓመተ ምሕረት በአንድ ዓምድ፣ ከዚያ ወዲህ የት እንደቆዩ በሌላ ዓምድ። ሁለተኛውን ዓምድ የክፍል ኃላፊው ተማሪውን ወደ ጎን ጠርቶ በቃል ጠይቆ ይሙላው፤ ወረቀቱም ከሪከርድ ክፍል ውጭ፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቀመጥ።